ከምረቃ እስከ ሳይበር ደህንነት ሥራ፦ እኔ የሄድኩበት መንገድ

በ2013 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቄ ስድስት ኪሎ አክስቴ ቤት ገባሁ። ረቡዕና እሁድ ጠዋት ወደ አራት ኪሎ እወርዳለሁ። ሪፖርተር ጋዜጣ የሚወጣው በእነዚህ ቀናት ነው። ከአዟሪው ተከራይቼ ጥግ ይዤ እቀመጥና የሥራ ማስታወቂያውን ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይም ይወጣል። አራት ኪሎ ስቀመጥ ግን ሥራ የምፈልገው እኔ ብቻ አለመሆኔን አያለሁ፤ ያ ይቀለኛል።

የምፈልገው ኢንፎርሜሽን ሴኩሪቲ ነበር። ግቢ እያለን አንድ ኮርስ ወስደናል። ኢንክሪፕሽን፣ ፋየርዎል፣ ቫይረስ፤ አጥንተን ተፈተንንና ረሳነው። ከዚያ በኋላ ካሊ ሊኑክስን (የሴኩሪቲ መፈተሻ ቱሎች የተጫኑበትን ሊኑክስ) ፍላሽ ላይ ጭኜ ዩቲዩብ እያየሁ ትእዛዝ እገለብጥ ነበር። ሲቪዬ ላይ የ12 ቱል ስም ደርድሬያለሁ። ማስታወቂያዎቹ ግን ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት ልምድ ይላሉ። አንድ ቀን ሰንጋ ተራ አካባቢ ያለ አንድ ባንክ "ጁኒየር፣ ልምድ 0 ዓመት" ብሎ አወጣ። አመለከትኩ፤ ለኢንተርቪው ተጠራሁ።

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው ሲቪዬን እያየ፣ "ኤንማፕ ትጠቀሚያለሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ጥሩ። አንድ ፖርት ክፍት ነው ብሎ ሲነግርሽ ምን አይቶ ነው እንደዚያ ያለው?"

ዝም አልኩ። ኤንማፕ የአንድ ኮምፒዩተር ፖርቶች፣ ማለትም የኔትወርክ መግቢያ በሮቹ፣ ክፍት መሆን አለመሆናቸውን የሚፈትሽ ቱል ነው። ትእዛዙን አውቀዋለሁ። ውጤቱን ማንበብም እችላለሁ። መሃል ላይ ምን እንደሚፈጠር ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ከጠያቂዎቹ መካከል የነበሩት ሴትዮ ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝ። "የኔ ልጅ፣ ቱሎቹን አትተያቸው። ግን መጀመሪያ ኔትወርኩን ተማሪ፤ ከዚያ ሁሉም ይገባሻል" አሉኝ። ሥራውን አላገኘሁም። ምክሩን ግን ይዤ ወጣሁ።

የጥያቄውን መልስ እዚሁ ልንገራችሁ፤ እናንተም መጠየቃችሁ አይቀርም። ሁለት ኮምፒዩተሮች ቲሲፒ በሚባለው የመገናኛ ደንብ ሲገናኙ መጀመሪያ ሦስት መልእክት ይለዋወጣሉ። አንዱ ሲን ይልካል። ሌላው ሲን አክ ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው አክ ብሎ ያጸናዋል፤ ወሬው ከዚያ ይጀመራል። ኤንማፕ ያችን ሲን ይልክና ይጠብቃል። ሲን አክ ከመጣለት ፖርቱ ክፍት ነው ይላል። አርኤስቲ (አልቀበልም የሚል መልስ) ከመጣ ዝግ ነው ይላል። ምንም ካልመጣ ደግሞ መንገድ ላይ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ መልእክት የሚያግደው) ይዞት ሊሆን ይችላል ብሎ ፊልተርድ ይለዋል። ይህን በመጽሐፍ ማንበብ አይበቃም። በኔትወርክ የሚያልፈውን መልእክት የሚያሳየውን ዋየርሻርክን ከፍታችሁ፣ በሌላ መስኮት ኤንማፕን የራሳችሁ ኮምፒዩተር ላይ አስኪዱትና መልእክቶቹ ሲመላለሱ በዓይናችሁ እዩ። እኔ ያየሁት ቀን ግቢ አራት ዓመት ያልገባኝ ነገር በአንድ ምሽት ገባኝ።

ከዚያ በኋላ በሴኩሪቲ ስም የወጣ ሥራ ብቻ መጠበቅ አቆምኩ። ጥር 2014 ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ አንድ መካከለኛ ድርጅት በአይቲ ሰፖርት ቀጠረኝ። ጓደኞቼ "ለፕሪንተር ነው እንዴ አራት ዓመት የተማርሽው?" ይሉኝ ነበር። እውነት ነው፣ ፕሪንተር አስተካክያለሁ። የተረሳ ፓስወርድ ቀይሬያለሁ። ኬብል ጎትቻለሁ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ግን ለዚህ ሙያ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት አላገኘሁም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው በእርግጥ እንዴት እንደሚሠራ የምታዩት እዚያ ነው። ፓስወርድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሞኒተር ላይ ይለጠፋል። አንድ ፍላሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ሂሳብ ክፍል፣ ከሂሳብ ክፍል ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይዞራል። ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ የማያውቅ የኛ አገር ቢሮ ያለ አይመስለኝም። እኔ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ አጸዳው ነበር። አንድ ቀን ግን ከማጽዳት ይልቅ ከየት እንደሚመጣ መመዝገብ ጀመርኩ። የማን ፍላሽ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ኮምፒዩተር። በሦስተኛው ሳምንት ምንጩ አንድ እንደሆነ ታወቀ። ሁሉም ሰው ለፕሪንት የሚጠቀምበት፣ አንቲቫይረሱ ከሞተ የቆየ፣ እንግዳ መቀበያ ጋ ያለ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበር። እሱን አስተካከልኩት፤ ቫይረሱ ከቢሮው ጠፋ። ያኔ ስም ባላወጣለትም የመጀመሪያው የሴኩሪቲ ሥራዬ ያ ነው።

ቀጥሎ በራሴ ተነሳሽነት የኮምፒዩተሮቹን ዝርዝር ሠራሁ። 63 ነበሩ። ምን ዊንዶውስ እንደጫኑ፣ መቼ አፕዴት እንደተደረጉ፣ ማን እንደሚጠቀምባቸው በኤክሴል ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። 19ኙ ከዓመት በላይ አፕዴት አልተደረጉም። አለቃዬ "ኢንተርኔቱ ይጨናነቃል" ብሎ አፕዴቱን እንዳልነካ ነገረኝ። ያን ጊዜ በዊንዶውስ ቀዳዳ ገብቶ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ስለሚጠይቀው ዋናክራይ አነበብኩ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ነው። ዋናክራይ ዓለምን ያመሰው በሜይ ነው። መሃል ላይ ሁለት ወር አለ። በእነዚያ ሁለት ወራት አፕዴት ያደረገ ከዚያ ጥቃት ተረፈ። ይህንን በአራት መስመር ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁት። አፕዴቱ ማታ ማታ፣ ሰው ከወጣ በኋላ እንዲጫን ፈቀደልኝ።

ሕይወቴን የቀየረው ግን የሂሳብ ክፍሉ ሰርቨር ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ያለበት። አንድ ሰኞ ጠዋት ሲንቀራፈፍ የዊንዶውሱን ኢቨንት ሎግ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ የሆነውን ሁሉ በቁጥር የሚመዘግብበትን መዝገብ፣ ከፈትኩ። 4625 የሚል ቁጥር ገጹን ሞልቶታል። 4625 ማለት አንድ ሰው ለመግባት ሞክሮ አልተሳካለትም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ፓስወርድ ተሳስቶ። ቆጠርኩት። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ከ11,000 በላይ ነበር። የተሞከረው ስም ሁሌም አድሚኒስትሬተር ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ጊዜ ሞከሩ?" አይደለም። "አንዱ ተሳክቶለታል ወይ?" ነው። በትክክል ገብቶ የተመዘገበው 4624 ይባላል። በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን ከርቀት ከፍቶ በሚሠራበት መንገድ፣ የገባ ከሆነ ደግሞ የመግቢያው ዓይነት 10 ይላል። እነዚያን ብቻ ለየሁና ሰዓታቸውን አየሁ። ሁሉም በሥራ ሰዓት ነበሩ፤ ሁሉም ከአንድ ሰው። ፒችትሪውን ከውጭ ሆኖ የሚያግዘን ባለሙያ ነው። ለእሱ ተብሎ ፖርት 3389፣ የሪሞት ዴስክቶፕ በር፣ ለመላው ዓለም ተከፍቶ ቀርቷል። ከዚያ አዲስ አካውንት ተፈጥሮ እንደሆነ 4720ን ፈለግኩ፤ የለም። ሎጉን ያጠፋ ሰው እንዳለ 1102ን ፈለግኩ፤ የለም። ያኔ ተነፈስኩ።

ለአለቃዬ በቃል ስነግረው "እነዚህ ነገሮች ሁሌም አሉ" ብሎ አለፈኝ። ተናደድኩ። ግን ስህተቱ በከፊል የኔም ነበር፤ ስለ ፖርትና ስለ ኢቨንት ቁጥር ነው ያወራሁት። ማታ ቤት ሄጄ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፍኩ። "የሂሳብ ክፍላችን በር ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት ነው። ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ያልታወቁ ሰዎች 11,000 ጊዜ ቁልፍ ሞክረዋል። እስካሁን የገባ የለም። ከገባ ግን የሂሳብ መዝገባችንን ቆልፎ ገንዘብ ሊጠይቀን ይችላል። የመጠባበቂያ ዲስካችንም ከሰርቨሩ ጋር እንደተሰካ ስለሆነ አብሮ ይቆለፋል።" ከዚያ ምን መደረግ እንዳለበት፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ስንት ብር እንደሚያስወጣ ጻፍኩ። የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ አንብበው በዚያው ቀን አስጠሩኝ። ፖርቱን ዘጋን። ባለሙያው በቪፒኤን፣ ማለትም ለተፈቀደለት ሰው ብቻ በሚከፈት የተመሰጠረ መስመር፣ እንዲገባ ሆነ። አምስት ጊዜ የተሳሳተ አካውንት እንዲቆለፍ አደረግን። ዲስኩ ከመጠባበቂያ ሰዓት ውጪ ተነቅሎ ካዝና ውስጥ መቀመጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጀማሪዎች በጣም የሚንቁት ነገር ስለሆነ። ጽሑፍ ነው። በዚህ ሙያ ከቀኔ ግማሹን የምጽፍ ይመስለኛል። ያየሁትን፣ የጠረጠርኩትን፣ ያረጋገጥኩትን፣ ያላረጋገጥኩትን ለያይቼ እጽፋለሁ። ለቴክኒክ ሰው በእንግሊዝኛ፣ ለኃላፊ ብዙ ጊዜ በአማርኛ። ጎበዝ ሆነው ሪፖርት መጻፍ ስለማይችሉ ብቻ የሚደበቁ ልጆች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል። ከዛሬ ጀምራችሁ የምትሠሩትን ልምምድ ሁሉ በግማሽ ገጽ ጻፉት። ምን አየሁ፣ ምን ማለት ነው፣ ምን ይደረግ።

ልምምዱን እንዴት እንደሠራሁ ደግሞ ልንገራችሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ ራሙ 4 ጂቢ ነበር፣ ወደ 8 አሳደግኩት። ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒዩተሮችን የሚያስኬድ ፕሮግራም) ላይ አንድ ዊንዶውስና አንድ ሊኑክስ ጫንኩ። ከሁለት በላይ አብሮ አይሠራም፤ ሁለቱ ይበቃሉ። በአንዱ አጠቃለሁ፣ በሌላው ሎጉን አነባለሁ። ብዙ ልጆች ማጥቃቱን ተለማምደው ሎጉን ሳያነቡ ይዘጋሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለጀማሪ ያለው ሥራ ግን በአብዛኛው ሎግ ማንበብ ነው። መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ስናፕሾት (ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ የሚያስቀምጥ ቅጂ) ውሰዱ። ትላልቅ ፋይል የማወርደው በሌሊት ጥቅል ነበር። ዳታ ለሚያጥራችሁ ባንዲት የሚባለው የኦቨርዘዋየር ልምምድ ምርጥ ነው። ሙሉ በሙሉ በጽሑፍ ትእዛዝ ስለሆነ ዳታ አይበላም፣ ሊኑክስንም ከሥሩ ያስተምራል። ድረ ገጽ ላይ ማተኮር የምትፈልጉ የፖርትስዊገርን አካዳሚ ሞክሩ፤ ነፃ ነው። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚም ነፃ ኮርሶች አሉት፤ ኔትወርኩን ያስተካከልኩት በእሱ ነው።

ሰርተፍኬት? ይጠቅማል፤ ግን በእሱ አትጀምሩ። እኔ መጀመሪያ የያዝኩት አይኤስሲ ቱ የሚባለው የሴኩሪቲ ባለሙያዎች ድርጅት ለጀማሪ የሚሰጠውን፣ ሲሲ የሚባለውን ነው። በ2015 ስወስድ ትምህርቱም ፈተናውም በነፃ ነበር። ካለፋችሁ በኋላ ግን በየዓመቱ 50 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሴኩሪቲ ፕላስ የሚባለው ሌላው ሰርተፍኬት ፈተና ደግሞ 90 ደቂቃ፣ እስከ 90 ጥያቄ ነው፤ ለማለፍ ከ900 750 ያስፈልጋል። ክፍያው ያኔ 400 ዶላር ገደማ ነበር። ለእሱ ብር እያጠራቀምኩ ሳለ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያጠራቀምኩት ግማሽ ሆነ። አለቀስኩ። ውጭ ያለች የአጎቴ ልጅ ባትከፍልልኝ ኖሮ እስካሁንም አልወስደውም ነበር። ሌላ የሚያስቸግር ነገር ስም ነው። ስትመዘገቡ በላቲን ፊደል የምትጽፉት ስም ፓስፖርታችሁ ላይ ካለው ጋር በፊደል መመሳሰል አለበት። ዲግሪያችን ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርት ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ የሚገኝ ብዙ ነን። የፈተናው ቀን በር ላይ ከምትመለሱ ቀድማችሁ አስተካክሉ።

አሁን ከልቤ ወደማስጠነቅቃችሁ ነገር ልምጣ። አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ ነበር። የአንድ ትምህርት ተቋም ድረ ገጽ ላይ የራሱን ውጤት ሲያይ አድራሻው ውስጥ ያለችውን ቁጥር በአንድ ቀየራት። የሌላ ተማሪ ውጤት ወጣለት። ይህ በጣም የታወቀ ክፍተት ነው። የድረ ገጽ ደህንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የክፍተቶች ዝርዝር አንደኛ ያስቀመጠው የዚህን ዓይነቱን፣ ማለትም የመግባት ፈቃድን በትክክል አለመቆጣጠርን ነው። ልጁ ግን አንዷ ላይ አላቆመም። ማስረጃ ይሆነኛል ብሎ የ40 ተማሪዎችን ውጤት ፎቶ አንስቶ ለኃላፊዎቹ ላከ። ምስጋና ሲጠብቅ ለጥያቄ ተጠራ። ለሳምንታት እንቅልፍ አልተኛም። በመጨረሻ በማስጠንቀቂያ አለፉት፤ እንደዚያ ላይሆን ግን ይችል ነበር። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በራሱ ወንጀል ያደርገዋል። እስራትም የገንዘብ ቅጣትም አለው። ልረዳቸው ፈልጌ ነው ማለት ከጥያቄ አያድንም። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰው መረጃ በእጃችሁ ሲገባ ኃላፊነት እንዳለባችሁ ያስታውሳል። ስለዚህ በጽሑፍ ፈቃድ ካልያዛችሁ የማንንም ሲስተም አትንኩ። የጎረቤታችሁን ዋይፋይም ቢሆን። መለማመጃ ሞልቷል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም ለታዳጊዎችና ለወጣቶች የሳይበር ታለንት ፕሮግራም አለው፤ ዕድሜያችሁ የሚፈቅድ ተከታተሉት።

ነሐሴ 2015 እዚያው ሰንጋ ተራ ያለ ሌላ ባንክ ለኢንተርቪው ጠራኝ። ለሶክ፣ ማለትም ጥቃት ቀንና ሌሊት ለሚከታተለው ክፍል ነበር። ሲቪዬ ላይ የቱል ዝርዝር አልነበረም። "የሪሞት ዴስክቶፕ ጥቃት ከሎግ ላይ ለይቼ አስቁሜያለሁ" የሚል አንድ መስመር ነበር። ከአንድ ሰዓቱ ኢንተርቪው አርባ ደቂቃው በዚያች መስመር ላይ አለቀ። እንዴት አየሽ? ለምን 4624ን ፈለግሽ? ገብቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ምን ታደርጊ ነበር? ሁሉንም ኖሬዋለሁና አልተደናቀፍኩም።

በመጨረሻ አንዱ "ባንክ ውስጥ ትንሽ የሚመስል ግን የሚያስፈራሽ ነገር ምንድነው?" አለኝ። "የተበላሸ ፕሪንተር" አልኩት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ባንኮች ዓለም አቀፍ የገንዘብ ዝውውር በሚያዙበት በስዊፍት በኩል 81 ሚሊዮን ዶላር ሲወሰድበት፣ የዝውውሩን ማረጋገጫ የሚያትመው ፕሪንተር ቆሞ ነበር። ሌቦቹ ናቸው ያቆሙት። ሠራተኞቹ ግን እንደማንኛውም ቀን ብልሽት ቆጠሩት። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ፕሪንተር ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እኔም እዚያ ብሆን እንደነሱ አስብ ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። ከሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ።

ሥራው ፈረቃ ነው። ሌሊት አለው። ሴቶች እህቶቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የሌሊት ሰርቪስ እስከ ቤት በር ያደርስ እንደሆነ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። አለርቱ፣ ማለትም ሲስተሙ የሚልከው ማስጠንቀቂያ፣ ብዙ ነው። አብዛኛው ምንም አይደለም። አንድ ሠራተኛ ፓስወርድ ቀይሮ ስልኩ ላይ ያለውን አሮጌውን ረስቶት፣ ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሳሳት ያድራል። ይህን ከእውነተኛ ጥቃት መለየት የምትችሉት መደበኛው ቀን ምን እንደሚመስል ስታውቁ ነው። ቅርንጫፎች ስንት ሰዓት ይከፍታሉ? ወር መጨረሻ ላይ ማን ያመሻል? አይቲ ሰፖርት የሠራ ሰው እዚህ ላይ ይበልጣል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ወረቀቱ። ሥራውን አግኝቼ በወረቀት ልቀር ነበር። ባንክ ስትቀጠሩ የጣት አሻራ ማስረጃ፣ የሕክምና ምርመራ፣ የትምህርት ማስረጃና ተያዥ ይጠየቃሉ። አሁን ለሚመረቁ የመውጫ ፈተናውም አለ። ኦርጅናል ዲግሪዬ የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ስላልከፈልኩ ግቢ ነበር። ቴምፖው ለጊዜው አለፈልኝ። ተያዡ ግን ቋሚ ደሞዝተኛ ሆኖ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉኝ ዘመዶች ነጋዴዎች ናቸው፤ አክስቴም ጡረታ ወጥታለች። የተሰጠኝ አምስት ቀን ነበር። ሦስቱ በልመና አለቁ። በአራተኛው ቀን ደብረ ብርሃን መምህር የሆነው አጎቴ ጋ ደወልኩ። "ምን ነካሽ፣ መጀመሪያ አትደውይም ነበር?" አለኝ። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ በማግስቱ በማለዳ መኪና መጣ። ከላምበረት ተቀብዬ በታክሲ ሰንጋ ተራ ይዤው ሄድኩ። የሰው ኃይል ክፍሉ ለምሳ ሊወጣ ሲል ደረስን። ቆሞ ፈረመልኝ።